ለባዝራዪቱ የተፈቀደው ለእናቲቱ ስለ ምን አይፈቀድም?



በገጠር ቁምስናዎቻችን ላም የሚያረባ ሁሉ «አዳቃይ» የሚባለውን ባለሙያ ያውቀዋል። ይህ ሰው በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ የተቀመጠውን የኮርማ ዘር ይዞ ይመጣል፤ ላሚቱ ኮርማ በምትፈልግበት ሰዓት ያዳቅላታል፤ ከዘጠኝ ወር በኋላ ጥጃ ይወለዳል፤ የቤቱ ልጆችም ወተት ይጠጣሉ። በዚህ ሥራ ኅሊናው የታወከ ምእመን የለም፤ ቤተ ክርስቲያንም አላወገዘችውም። ነገር ግን ይህን የሚመስል ጥበብ ልጅ ባላገኙ ባልና ሚስት ላይ ሲፈጸም ይህችው ቤተ ክርስቲያን «አይገባም» ትላለች። ከዚህም የተነሣ «ለላምና ለፈረስ የተፈቀደው ለሰው ስለ ምን ይከለከላል? ቤተ ክርስቲያን ከእናቲቱ ይልቅ ለእንስሳዪቱ ትራራለችን?» የሚል ጥያቄ ለመምህራን ይቀርባል።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። የሚጠይቁትም ሁሉ ለክርክር የሚጠይቁ አይደሉም፤ ከመካከላቸው በምሥጢረ ተክሊል ተጋብተው ለብዙ ዓመታት የሕፃን ድምፅ በቤታቸው ያልሰሙ አሉ። ስለዚህ «ተከልክሏል» ብሎ ማለፍ መልስ አይሆንም። ምክንያቱን መረዳት፣ ከተረዱም በኋላ በፍቅር ማስረዳት ያስፈልጋል።

በዚህ ጽሑፍ ፈረስን ምሳሌ አድርገን እንመለከታለን። ይህንም የምናደርገው በሁለት ምክንያት ነው። በመጀመሪያ፣ በፈረስ መራባት ላይ የተደረገው ምርምር ሰው በእንስሳት ላይ ያለው ሥልጣን እስከ የት እንደ ደረሰ አጉልቶ ያሳያል። ሁለተኛም፣ ፈረስ በአገራችን ከፍ ያለ ክብር ያለው እንስሳ በመሆኑ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» እየተባሉ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ፈረስን በዚህ መጠን ያከበረ ሕዝብ በፈረስና በሰው መካከል ያለው ልዩነት የንቀት ልዩነት አለመሆኑን በቀላሉ ይረዳል።

በፈረስ ላይ የተደረገው ምርምር

የሰው ሠራሽ ማዳቀል ታሪክ በሚተረክበት ቦታ ሁሉ በመጀመሪያ ከሚጠሩት ሰዎች አንዱ ካቶሊካዊ ካህን ናቸው። ጣሊያናዊው ሊቅ አባ ላዛሮ ስፓላንዛኒ እ.ኤ.አ. በ1780 ገደማ የወንድ ውሻ ዘር ወስደው ያለ ግንኙነት ሴቲቱን ውሻ ለማስፀነስ በቅተዋል። ቤተ ክርስቲያን ሳይንስን የምትፈራ ብትሆን ኖሮ እንዲህ ያለው ምርምር በካህን እጅ ባልተጀመረ ነበር።

በፈረስ ዘንድ ዘዴውን ያስፋፋው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የሠራው ሩሲያዊው ኢሊያ ኢቫኖቭ ነው። በእርሱ ጥረት የአንድ ድንጉላ ፈረስ ዘር ለብዙ ባዝራዎች እንዲዳረስ ሆነ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ፅንስን ከአንዲት ባዝራ ወደ ሌላዪቱ የማዛወር ጥበብ መጣ። ዋጋዋ የከበረ ባዝራ በፀነሰች በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ቀን ገደማ ፅንሱ ከማኅፀኗ በፈሳሽ ታጥቦ ይወጣና ወደ ሌላ ባዝራ ማኅፀን ይገባል። ይህችም 11 ወር ያህል ተሸክማ ትወልዳለች፤ ታጠባለችም። የፅንሱ ባለቤት የሆነችው ባዝራ ግን እርግዝና ሳያግዳት ወደ ውድድሯ ትመለሳለች።

በብልቃጥ ውስጥ ማዳቀል በፈረስ ዘንድ ለረጅም ጊዜ አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል፤ የድንጉላው ዘር በቤተ ሙከራ ውስጥ የእንቁላሉን ሽፋን ዘልቆ ሊገባ አልቻለምና። እ.ኤ.አ. በ1990 በፈረንሳይ አገር አንድ ውርንጭላ በዚህ መንገድ ተወለደ፤ ጥቂት ቆይቶም ሌላ ተከተለ። ከዚያ በኋላ ግን ከ30 ዓመት በላይ ዘዴውን አስተማማኝ በሆነ መንገድ የደገመው አልነበረም። በመካከሉ እ.ኤ.አ. በ1996 በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንድ የዘር ሕዋስ በቀጭን መርፌ ወደ እንቁላሉ ውስጥ እንዲገባ ተደርጎ ውርንጭላ ተወለደ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2022 የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዘሩን ከእንቁላሉ ጋር ከማገናኘታቸው በፊት ለ22 ሰዓት ያህል በልዩ ፈሳሽ ውስጥ በማቆየት ችግሩን እንደ ፈቱና ጤናማ ውርንጭሎች እንደ ተወለዱ አስታወቁ።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለው ጥበብ በመጀመሪያ በእንስሳት ላይ ከተፈተነ በኋላ ወደ ሰው የሚተላለፍ ይመስለናል። በፈረስ ጉዳይ ግን ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው፤ በብልቃጥ የተፀነሰችው የመጀመሪያዪቱ የሰው ልጅ በእንግሊዝ አገር የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ከፈረሱ ውርንጭላ 12 ዓመት ቀድማ ማለት ነው። በመርፌ የማዳቀሉም ዘዴ በሰው ላይ የተሳካው እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሆን ከፈረስ በ4 ዓመት ይቀድማል። በማጉያ መነጽር ሥር የሰው ፅንስና የፈረስ ፅንስ በመጀመሪያ ቀናቸው ሲታዩ ሁለቱም ትናንሽ ክቦች ናቸው። አንዱ ሊከበር የሚገባው ሰው መሆኑን፣ ሌላው ግን አለመሆኑን መነጽሩ አይናገርም። ይህን ለማወቅ ሌላ ብርሃን ያስፈልጋል።

ምርምሩ ለምን ዓላማ ይደረጋል?

ዓላማው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ሕክምና ነው፤ በበሽታ ወይም በዕድሜ ምክንያት መውለድ ያቃታትን ባዝራ መርዳት ነው። አንዳንዱ ለሰውም የሚበጅ ዕውቀት ነው፤ ባዝራ እንደ ሴት ልጅ ብዙውን ጊዜ በአንድ ዑደት አንድ እንቁላል ብቻ ስለምታወጣና ዕድሜዋ ሲገፋ የመፀነስ ኃይሏ ስለሚቀንስ፣ ተመራማሪዎች በእርሷ ላይ ያዩትን ከሴቶች የጤና ሁኔታ ጋር ያነጻጽራሉ።

አንዳንዱ ደግሞ ዘር እንዳይጠፋ የሚደረግ ጥበቃ ነው። የፕርዤቫልስኪ ፈረስ የተባለው የሞንጎልያ የዱር ፈረስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከዱር ጠፍቶ ነበር። በአራዊት ማቆያ ውስጥ የቀሩት ተራብተው እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ወደ አገራቸው ሜዳ መመለስ ጀመሩ። ይሁን እንጂ የዛሬዎቹ ሁሉ ከዱር ከተያዙት ከ12 ያህል ፈረሶች የወረዱ ስለሆኑ የዘራቸው ልዩ ልዩነት ጠቧል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1980 ተወስዶ በሳን ዲዬጎ በቅዝቃዜ ተጠብቆ ከነበረ የአንድ ድንጉላ ሕዋስ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 በቴክሳስ በክሎኒንግ አንድ ውርንጭላ እንዲወለድ ተደረገ። እኛም በሐረርጌ በቁንዱዶ ተራራ ላይ ቁጥራቸው ያነሰ የዱር ፈረሶች አሉን፤ የአንድ ፍጥረት ዘር መጥፋት ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም።

የቀረው ግን ገንዘብና ዝና ነው። በአርጀንቲና በፈረስ ላይ ሆነው በሚጫወቱት የፖሎ ጨዋታ ዝነኛ የሆነችው ባዝራ ኳርቴቴራ በክሎኒንግ እየተባዛች፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በቦነስ አይረስ በተደረገው ታላቅ ውድድር አንድ ተጫዋች በስድስት ክሎኖቿ ላይ እየተቀያየረ ተጫውቷል።

እንስሳትን ማዳቀል በራሱ ኃጢአት አይደለም

ከምእመናን መካከል «ተፈጥሮን መንካት ሁሉ ኃጢአት ነው» የሚሉ አሉ። ይህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። እግዚአብሔር ሰውን በአምሳሉ ፈጥሮ በፍጥረታት ላይ ሲሾመው እንዲያለማና እንዲጠብቅ ነው። ያዕቆብ የላባን መንጋ ሲጠብቅ ጠንካሮቹን ከደካሞቹ ለይቶ እንዳራባ በኦሪት ዘፍጥረት እናነባለን።

አባቶቻችንም ከጥንት ጀምሮ ባዝራን ከአህያ ጋር እያዳቀሉ በቅሎ አስወልደዋል። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶም አላቸው፤ በቅሎ ግን 63 ይዛ ትወለዳለች። ስለዚህ ራሷ መውለድ አይሆንላትም፤ በቅሎ በእያንዳንዱ ትውልድ በሰው ፈቃድ የምትገኝ ፍጥረት ናት። የኦሪት ሕግ ልዩ ልዩ እንስሳትን ማዳቀልን ለእስራኤል ከልክሎ ነበር፤ ይሁን እንጂ ዳዊት በበቅሎ ይቀመጥ እንደ ነበር፣ ሰሎሞንም በነገሠ ዕለት በአባቱ በቅሎ ላይ ተቀምጦ እንደ ሄደ ያው መጽሐፍ ይነግረናል። በአዲስ ኪዳንም ቤተ ክርስቲያን ያን የኦሪት ሥርዓት በምእመናን ላይ ግዴታ አላደረገችም። እንግዲህ በእንስሳት መራባት ውስጥ የሰው እጅ መግባቱ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ክፋቱና ደግነቱ የሚለካው በዓላማው፣ በመንገዱና በሚያስከትለው ውጤት ነው።

በቅሎዪቱ የማትጠይቀው ጥያቄ

በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። ተረቱ እውነት አለው፤ እናቷ ባዝራ ስለ ሆነች ፈረስ በእርግጥ አጎቷ ነው። የምንስቀው ግን በበቅሎ አይደለም። በአባቱ አፍሮ በዘመዱ በሚኮራ ሰው ነው። በቅሎማ አባቷ ማን እንደ ሆነ ጠይቃ አታውቅም፤ አህያነቱም አሳፍሯት አያውቅም። በዓለም የመጀመሪያዪቱ በክሎኒንግ የተገኘች ፈረስ ፕሮሜቴያ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2003 በጣሊያን አገር በክሬሞና ስትወለድ፣ ተሸክማ የወለደቻት ሕዋሱ የተወሰደባት ባዝራ ራሷ ነበረች። በዘር ብናየው ባዝራዪቱ የራሷን መንታ ወለደች ማለት ነው። ሆኖም ውርንጭላዪቱ «ይህች እናቴ ናት ወይስ እኅቴ?» ብላ አልታወከችም። ጠባች፣ ዘለለች፣ አደገች፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ራሷም ወለደች።

የሰው ልጅ ግን ይጠይቃል። «አባቴ ማን ነው? እናቴ ማን ናት? የወለዱኝ ስለ ምን ፈለጉኝ?» ይላል። ፈረስ የዘር ሐረግ አለው፤ ሐረጉን የሚያውቀውና የሚመዘግበው ግን ባለቤቱ ነው። ልጅ አባትና እናት አሉት፤ ይህንም ራሱ ያውቃል፤ በዚህም ማንነቱ ይታነጻል። ውርንጭላ ለአንድ ነገር ይወለዳል፤ ለጭነት፣ ለጋሪ፣ ለግልቢያ፣ ለውድድር። ልጅ ግን ለአንድ ነገር አይወለድም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ዛሬው ዓለም በሚናገረው ሰነድ እንዳስተማረው፣ በምድር ላይ እግዚአብሔር ስለ ራሱ ብሎ የወደደው ፍጥረት ሰው ብቻ ነው። ልዩነቱ ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማል። ስለ ራሱ የሚወደድ ፍጥረት እንደ ዕቃ ሊሠራ፣ እንደ ምርት ሊመረጥ፣ ጉድለት ቢገኝበትም ሊጣል አይገባውም።

ይህ ድንበር ሲዘነጋ ወዴት እንደሚደረስ ቀደም ሲል የጠቀስነው ኢሊያ ኢቫኖቭ ምሳሌ ይሆነናል። ይህ ሰው በፈረስ ማዳቀል ስመ ጥር ከሆነ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1926 ወደ ምዕራብ አፍሪካ ወደ ጊኒ ተጓዘ፤ በ1927ም ቺምፓንዚዎችን በሰው ዘር ለማዳቀል ሞከረ። ሙከራው ከሸፈ። ነገር ግን ሰውን እንደ አንድ የእንስሳ ዝርያ ብቻ ለሚያይ ዓይን፣ ከባዝራ ወደ ዝንጀሮ፣ ከዝንጀሮም ወደ ሰው መሻገር አንድ እርምጃ ብቻ ሆኖ ታይቶት ነበር። የእጁ ችሎታ አላነሰውም፤ ያነሰው ሰው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ምን ታስተምራለች?

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ እ.ኤ.አ. በ1961 «ማቴር ኤት ማጂስትራ» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክታቸው፣ የሰው ሕይወት የሚተላለፈው በማወቅና በፈቃድ በሚፈጸም ሥራ ስለ ሆነ ለዕፅዋትና ለእንስሳት መራባት የተፈቀዱት መንገዶች ለሰው ሊውሉ እንደማይገባ አስተምረዋል። እንግዲህ የጥያቄያችን መልስ አዲስ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ለእንስሳት የተፈቀደ መኖሩን ታውቃለች፤ ለሰው የማይገባ መሆኑንም በዚያው ቃል ታስተምራለች። የእምነት ትምህርት ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1987 «ዶኑም ቪቴ»፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ «ዲኚታስ ፐርሶኔ» በተባሉት መመሪያዎቹ ይህን ትምህርት አብራርቷል። ፍሬ ነገሩ በሦስት ነጥብ ሊጠቃለል ይችላል።

አንደኛ፣ ልጅ የባልና የሚስት ፍቅር ፍሬ ነው። በተክሊል አንድ ሥጋ የሆኑት ሁለቱ ራሳቸውን አንዳቸው ለሌላው በሚሰጡበት ሥራ ውስጥ እግዚአብሔር ሕይወትን ይሰጣል። ድንጉላና ባዝራ ኪዳን አይገቡም፤ ስለዚህ በመካከላቸው ባለሙያ ቢገባ የተሰበረ ኪዳን የለም። በባልና በሚስት መካከል ሦስተኛ እጅ ገብቶ ፅንሱን ሲሠራ ግን የማይነጣጠለው ይነጣጠላል። ከባልና ከሚስት ውጭ የሌላ ሰው ዘር፣ እንቁላል ወይም ማኅፀን ሲጨመርበት ደግሞ በደሉ ይብሳል።

ሁለተኛ፣ ልጅ ስጦታ እንጂ መብት አይደለም። በገንዘብ የታዘዘ ዕቃ ጥራቱ ይመረመራል፤ ያልወደዱትም ይመለሳል። ፈረስ አርቢ ከፅንሶች መካከል የተሻለውን ቢመርጥ ማንም አይነቅፈውም። ወላጅ ከልጆቹ መካከል አንዱን አስቀርቶ ሌሎቹን ቢጥል ግን ፍርዱ ሌላ ነው።

ሦስተኛ፣ በመንገድ የሚቀሩት ነፍሳት ጉዳይ አለ። ፕሮሜቴያ እስክትወለድ ድረስ 841 ፅንሶች በቤተ ሙከራ ተዘጋጅተው ነበር፤ ከእነዚህ ጥቂቶቹ ብቻ ወደ ባዝራዎች ማኅፀን ተላለፉ፤ በሕይወት የተወለደችው አንዲት ብቻ ናት። በፈረስ ዘንድ ይህ የገንዘብና የድካም ኪሳራ ነው። በሰው ዘንድ ግን ፅንስ ከተፀነሰበት ቅጽበት ጀምሮ እንደ ሰው ሊከበር ይገባዋል ብለን እናምናለን። በብዙ አገሮች በበረዶ ማቆያ ውስጥ ተቀምጠው የሚጠብቃቸው ያጡ የሰው ፅንሶች አሉ። እነርሱን እንደ ትርፍ መቁጠር አንችልም።

«መቻል ሁሉ መፈቀድ አይደለም» የሚለውን እውነት የእምነት ሰዎች ብቻ አይደሉም የሚረዱት። ለእሽቅድምድም የሚረቡት ቶሮብሬድ የተባሉ ፈረሶች ባሕር መዝገቦች፣ በሰው ሠራሽ መንገድ የተወለደን ውርንጭላ እስከ ዛሬ አይቀበሉም። በአውስትራሊያ ይህን ደንብ ለማስለወጥ ክስ ቀርቦ እ.ኤ.አ. በ2012 ፍርድ ቤቱ ደንቡን አጽንቶታል። ምክንያታቸው ከእኛ ምክንያት የተለየ ነው፤ ነገር ግን የነጋዴዎች ማኅበር ለፈረሱ ዘር ድንበር ሊያበጅ ከቻለ፣ ቤተ ክርስቲያን ለሰው ልጅ ክብር ድንበር መጠበቋ ሊያስደንቅ አይገባም።

ልጅ ያጡትን በተመለከተ

ይህን ሁሉ ተናግረን ልጅ ያጡትን ባልና ሚስት ብንዘነጋ ትምህርታችን ነፍስ የሌለው ሥጋ ይሆናል። በማኅበረሰባችን ልጅ አለማግኘት ከባድ መስቀል ነው። ሴቲቱ «መካን» ትባላለች፤ አማቶቿ ያማርራሉ፤ ባል ሌላ እንዲያገባ ይመከራል። ችግሩ ከባልየውም ሊሆን እንደሚችል የሚያነሣ ጥቂት ነው። አልፎ ተርፎ «የኃጢአታችሁ ውጤት ነው» የሚሉ ይገኛሉ። ሣራ፣ ሐና፣ ኤልሳቤጥ በእግዚአብሔር ፊት የተወደዱ ሆነው ሳለ ለብዙ ዘመን ልጅ አላገኙም ነበር። እንዲህ ያለውን ፍርድ ከአንደበታችን ልናስወግድ ይገባል።

ቤተ ክርስቲያን «ታገሡ» ብላ ብቻ አትሰናበታቸውም። የተዘጋን የፅንስ ቱቦ በቀዶ ሕክምና መክፈት፣ መካንነት የሚያመጡ ኢንፌክሽኖችን ማከም፣ የተዛባ ሆርሞን ማስተካከል፣ ለመፀነስ የሚያመቹትን ቀናት በትክክል ማወቅ ሁሉ የተፈቀደና የሚመሰገን ነው። እነዚህ የባልና የሚስትን አንድነት ያግዛሉ፤ አይተኩትም። ሐኪሙ አገልጋያቸው እንጂ ምትካቸው አይሆንም። ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትን በመካንነት መንስኤዎች ላይ እንዲመራመሩ ታበረታታለች። በባዝራ ላይ በአግባቡ የተገኘ ዕውቀት ለዚህ ሕክምና ቢያገለግል ደስ ይለናል።

ሕክምናው ባይሳካስ? ልጅ የሌለበት ትዳር ጎዶሎ ትዳር አይደለም። ምሥጢሩ ሙሉ ነው፤ ፍቅሩም ሙሉ ሊሆን ይችላል። የጉዲፈቻና የጡት ልጅ ባህላችንም ከጥንት የወረስነው መልካም ሀብት ነው፤ እናትና አባት ያጣውን ሕፃን ወደ ቤት ማስገባት እግዚአብሔር የሚባርከው የወላጅነት መንገድ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ ልናሳስብ እንወዳለን። እንዲህ ያለው ሕክምና በአዲስ አበባም መሰጠት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችንም ያገኙታል። በዚህ መንገድ የተወለደ ልጅ ከየትኛውም ልጅ አያንስም። የመንገዱ ጉድለት በልጁ ላይ አይቆጠርም። እርሱም የእግዚአብሔር አምሳል ነው፤ ለጥምቀት ሲመጣ በደስታ ይቀበሉታል። በቁምስናችን ደጅ ስለ አወላለዱ የሚንሾካሾክ ቢኖር፣ ቤተ ክርስቲያን ልትጠብቀው የፈለገችውን የልጁን ክብር እርሱ ራሱ እያፈረሰ መሆኑን ይወቅ።

ለባዝራዪቱም ቢሆን ሁሉ አይፈቀድም

ባዝራዪቱ ሰው አይደለችም ማለት እንዳሻን ልናደርጋት እንችላለን ማለት አይደለም። ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ በመጽሐፈ ምሳሌ ተጽፏል። በለዓም አህያይቱን ሦስት ጊዜ በደበደበ ጊዜ መልአኩ ስለ እርሷ ጠይቆታል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ (ቁ. 2415-2418) እንስሳት ለሰው አደራ እንደ ተሰጡ፣ ያለ በቂ ምክንያት እንስሳትን ማሠቃየትም የሰውን ክብር እንደሚቃረን ያስተምራል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው፣ ፍጥረታት ለእኛ ከሚሰጡት ጥቅም በላይ በእግዚአብሔር ፊት የራሳቸው ዋጋ እንዳላቸው አስታውሰውናል።

በዚህ መለኪያ ስንመዝን ሁሉም እኩል አይሆንም። የታመመች ባዝራን ማከም መልካም ነው፤ የሚጠፋን ዘር መጠበቅም መልካም ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1930 በእርጉዝ ባዝራ ደም ውስጥ የተገኘውን ሆርሞን ለማውጣት፣ በአይስላንድና በደቡብ አሜሪካ ከእርጉዝ ባዝራዎች ደም ይቀዳል፤ በአይስላንድ በሳምንት አንድ ጊዜ እስከ 5 ሊትር ይወሰድ ነበር። ሆርሞኑ የሚውለው የሌሎችን የእርሻ እንስሳት መራባት ለማፋጠን ነው። እንስሳዪቱ የምትፀንሰው ስለ ደሟ ብቻ ከሆነ፣ ውርንጭላዋም ትርፍ ሆኖ ከተቆጠረ፣ ጠባቂነት ወደ ብዝበዛ መለወጡን ልንጠይቅ ይገባናል።

ስለ ዝናና ስለ ገንዘብ ብሎ ያችኑ ባዝራ ደጋግሞ ማስወለድም ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ትምህርተ ክርስቶሱ በቅድሚያ የሰውን ችግር ሊያቃልል የሚገባውን ገንዘብ በእንስሳት ላይ ማፍሰስ እንደማይገባ ያስተምራል። ደግሞም ክሎኗ ያችው ባዝራ አይደለችም፤ ሌላ እንስሳ ናት። ታጠቅ የተባለው ፈረስ ሞተ፤ ስሙ ግን በጌታው ስም ላይ ቀረ። አባቶቻችን ፈረሳቸውን ሲወዱ ሞቱንም ተቀብለው ነው። ሞትን በቤተ ሙከራ ለመሻር መሞከር የፈረስ ፍቅር ሳይሆን የማጣት ፍርሃት ነው፤ ለዚህ ፍርሃት መልሱ ትንሣኤ ሙታን እንጂ ክሎኒንግ አይደለም።

ለአብዛኞቻችን ግን የፈረስ ጥያቄ በቤተ ሙከራ ደጅ አይደለም የሚጀምረው። በከተሞቻችን ጎዳና ትከሻው ቆስሎ ጋሪ የሚጎትተው፣ ጉልበቱ ሲያልቅ ከመንገድ ዳር የሚጣለው ፈረስ የእኛ ጥያቄ ነው። በአዊ ምድር በየዓመቱ በጥር ወር ያጌጡ ፈረሶች ሲጋልቡ እንደሚደነቁ ሁሉ፣ የጋሪው ፈረስም ውኃ፣ ጥላና ዕረፍት ይገባዋል።

ለመምህራን

በየቁምስናችሁ በዚህ ነገር ስትወያዩ በሚከተሉት ሦስት ጥያቄዎች ልትጠቀሙ ትችላላችሁ። አንደኛ፦ ውርንጭላ «ለአንድ ነገር» ሲወለድ ልጅ «ስለ ራሱ» ይወለዳል ማለት ምን ማለት ነው? ልጆቻችንን የእኛን ምኞት እንዲፈጽሙልን ብቻ የምናሳድግባቸው ጊዜያት የሉምን? ሁለተኛ፦ በመካከላችን ልጅ ላላገኙት ባልና ሚስት ማኅበራችን ምን ዓይነት ቤተ ሰብ ሆኖላቸዋል? ሦስተኛ፦ በእጃችን ያሉትን እንስሳት የምንይዘው እንደ አደራ ነው ወይስ እንደ ዕቃ?

እንግዲህ ለባዝራዪቱ ተፈቅዶ ለእናቲቱ ያልተፈቀደው እናቲቱ ስለ ተናቀች አይደለም። ባዝራዪቱ ያላት ፍሬ ማኅፀን ነው፤ ለእናቲቱ ግን ከማኅፀኗ ፍሬ በፊት ኪዳን ተሰጥቷታል፤ የምትፀንሰውም ልጅ ስሙን እግዚአብሔር ያውቀዋል። ሁሉን በጥበብ የፈጠረ አምላክ ልጅ የናፈቁትን ያጽናናቸው፤ ለሚመራመሩት ማስተዋልን ይስጣቸው፤ እኛንም ለተሰጠን አደራ የታመንን ጠባቂዎች ያድርገን። አሜን።